ማሽኑ ያጥባል፣ ግን አይጨምቅም፤ ቦርድ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ከፊት የሚከፈት 7 ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። ከተገዛ 6 ዓመት ሆኖታል። ውኃ ይስባል፣ ያጥባል፣ ያለቀልቃል፤ መጨረሻ ላይ ግን አይጨምቅም። ልብሱ ውኃ እንዳዘለ ይወጣል። አንዳንዴ ከበሮው ሥር ውኃ ይቀራል፣ አንዳንዴ ምንም የለም። ከሶኬት ነቅዬ ቆይቼ መጭመቅ ብቻ ሳዘው አልፎ አልፎ ይሠራል። ከበሮውን በእጄ ሳዞረው በደንብ ስለሚዞር ሞተሩ ደህና ነው ብዬ አስባለሁ። አንድ ጠጋኝ በስልክ ሰምቶኝ ‹ቦርዱ ሄዷል፣ ይቀየር› አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የበሩን መቆለፊያ በሽቦ አገናኝቼ እንድሞክር መከረኝ። ቦርድ ልግዛ? ወይስ ቤት ውስጥ ራሴ ልፈትሸው የምችለው ነገር አለ?»

መልስ፦ ቦርድ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ አይግዙ። ከጻፉት ውስጥ ቦርዱን በቀጥታ የሚያስጠረጥር አንድም ምልክት የለም። እንዲያውም «ነቅዬ ቆይቼ ሳዘው አልፎ አልፎ ይሠራል» ያሉት ቦርዱን ነፃ ለማውጣት የቀረበ ነው፤ የተቃጠለ ቦርድ ስላረፈ አይድንም። ብየዳው የላላ ቦርድ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጠባይ ያሳያል፤ እሱ ግን በፍተሻው ሰልፍ መጨረሻ ላይ የሚቆም ነው። ማሽኑን ሳያይና ሳይለካ በስልክ «ቦርድ ነው» የሚል ሰው፣ ከማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱን በግምት እያስገዛዎት ነው።

ማሽንዎ መጭመቅ አቅቶት ሳይሆን እምቢ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ሲያጥብ ከበሮው በደቂቃ 50 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው። ሲጨምቅ እንደ ሞዴሉ ከ1000 እስከ 1400 ይደርሳል። ወደዚያ ፍጥነት ከመግባቱ በፊት የሚያጣራቸው ነገሮች አሉ፦ በሩ ተቆልፏል? ውኃው ወጥቷል? ልብሱ በከበሮው ዙሪያ ተመጣጥኖ ተዘርግቷል? አረፋ የለም? ከነዚህ አንዱ ካልተሟላ ፍጥነቱን አይጨምርም። ጥቂት ጊዜ ይሞክራል፣ ያቆማል፣ ልብሱን መልሶ ያገላብጣል፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «ጨርሻለሁ» ይላል። ብዙ ሞዴሎች ይህን ሲያደርጉ የስህተት ኮድ እንኳ አያሳዩም።

ይህ ጥንቃቄ ከመሬት አልተነሣም። ዲያሜትሩ 48 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ በደቂቃ 1200 ጊዜ ሲሽከረከር፣ በአንድ ጎን የተከማቸ ግማሽ ኪሎ ትርፍ ጭነት ወደ 190 ኪሎ ግራም ክብደት በሚጠጋ ኃይል ከበሮውን ወደ ውጭ ይጎትተዋል፤ ያውም በየዙሩ አቅጣጫ እየቀያየረ። ከበሮውን የሚያቅፈው ገንዳ ውስጥ ውኃ ወይም አረፋ ካለ ደግሞ ከበሮው በውኃ ውስጥ የሚቀዝፍ ያህል ይከብደዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» ከመሆኑ በፊት «ማሽኑ የትኛውን መልስ አጥቶ ነው እምቢ ያለው?» ነው።

ሁለት ነገር ላርም። ከበሮው በእጅ መዞሩ ስለ ሞተሩ የሚነግርዎት ነገር የለም። የሚነግርዎት ኩሽኔታው እንዳልነከሰና በከበሮውና በገንዳው መካከል የተሰነቀረ ነገር እንደሌለ ብቻ ነው። ሞተሩ ከነአካቴው ቢቃጠልም ከበሮው በእጅ ይዞራል። ከመጠን በላይ ቀሎ፣ ነካ ሲያደርጉት ብዙ ዙር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበልዎት፤ ቺንጋው ወልቆ ሊሆን ይችላል።

የጎረቤትዎን ምክር ይተዉት። የበሩ መቆለፊያ ቢበላሽ ማሽኑ ውኃ መሳብ እንኳ አይጀምርም ነበር፤ የእርስዎ ማሽን እስከ መለቀለቁ ድረስ ይሄዳል። መቆለፊያውን በሽቦ ማገናኘት ማለት በሩ ክፍት ሆኖም ከበሮው በሙሉ ፍጥነት እንዲሽከረከር መፍቀድ ነው። በዚያ ፍጥነት አንድ የሸሚዝ እጅጌ የሰው ክንድ ጠምዝዞ ይሰብራል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ምንም ሳይፈቱ የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ፣ ችግሩን በግማሽ የሚከፍለውም እሱ ነው። ልብሱን በሙሉ አውጡና ባዶ ከበሮውን ዘግተው «ማፍሰስና መጭመቅ» የሚለውን ፕሮግራም ይስጡት። የመጭመቂያው ፍጥነት ዜሮ ላይ አለመሆኑን፣ «ውኃ ይዞ ይቆይ» የሚል አማራጭ አለመነካቱን ያረጋግጡ። የሱፍና የስስ ልብስ ፕሮግራሞች በተፈጥሯቸው በዝግታ ነው የሚጨምቁት፤ ሰው ሳያውቅ እነሱን መርጦ «አይጨምቅም» የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚያ አጠገቡ ቆመው ያድምጡ።

ባዶውን በሙሉ ፍጥነት ከጨመቀ ሞተሩም ቦርዱም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ችግሩ ከልብሱ አጫጫን፣ ከአረፋው ወይም ውኃው በዝግታ ከመውጣቱ ነው። ባዶውንም ካልጨመቀና ውኃ ከቀረ ወደ ማፍሰሻው ይሂዱ። ውኃ ሳይኖር ፓምፑ ብቻ ያለማቋረጥ እየጮኸ ከበሮው የማይነቃነቅ ከሆነ የውኃ መጠን የሚለካው ክፍል ተታሏል ማለት ነው። ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ ከበሮው ለመዞር ሞክሮ ከተወው ወይም ጭራሽ ካልሞከረ፣ ያኔ ወደ ሞተርና ቺንጋ እንሄዳለን።

የእርስዎ ማሽን አንዳንዴ ውኃ ያስቀራል፣ አንዳንዴ አያስቀርም። ይህ ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ፣ የደከመ ማፍሰሻ ምልክት ነው። «ያለቀልቃልና ፓምፑ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። በየመለቅለቁ መካከል ግማሹ ውኃ ብቻ ወጥቶ በላዩ አዲስ ቢጨመርበት ከውጭ ሆነው አያውቁትም፤ ልብሱ ሲደርቅ ነጭ የሳሙና ምልክት ከያዘ ግን ያሳብቃል። ጤነኛ ፓምፕ የተጠራቀመውን ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል።

ከማጣሪያው ይጀምሩ። በአብዛኛዎቹ ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ላይ ከታች ጥግ ትንሽ መክፈቻ አለች፤ በሳንቲም ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ትከፈታለች። ከመንካትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። ማሽኑ በ60 ወይም በ90 ዲግሪ አጥቦ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣ ትኩስ ውኃ እጅና እግር ያቃጥላል። ገንዳው ውስጥ ውኃ ካለ ከ10 ሊትር በላይ ሊሆን ስለሚችል ዝቅ ያለ ሳፋና ወፍራም ፎጣ ያዘጋጁ። ብዙ ሞዴሎች ከማጣሪያው አጠገብ ቀጭን የድንገተኛ ማፍሰሻ ጎማ አላቸው፤ መጀመሪያ ክዳኗን ነቅለው በእሷ በኩል እየቀዱ ያውጡት። ጎማ ከሌለው ማጣሪያውን ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ አላልተው ውኃው እየተንጠባጠበ እንዲወጣ ይተዉት፤ ሳፋው ሲሞላ መልሰው ያጥብቁት፣ ይድፉት፣ ይቀጥሉ። በአንድ ጊዜ የነቀለው ሰው ወለሉን ሲያደርቅ ይውላል።

ማጣሪያው ሲወጣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የፀጉር መያዣ፣ የጡት መያዣ ሽቦ ወይም የሕፃን ካልሲ ይዞ ቢወጣ አይገረሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ማጣሪያው በወጣበት ቀዳዳ ውስጥ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ከኋላ የፓምፑ ፕሮፔለር ይታያል። ክርና ፀጉር ተጠምጥሞበት ከሆነ በፒንሳ ወይም በጣት እየጎተቱ ያውጡ፤ የተሰበረ ጠርሙስ ወይም መርፌ ሊኖር ስለሚችል በቀስታ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በጣት ያዙሩት። እየነከሰ እየለቀቀ፣ በዝላይ የሚዞር ከሆነ ደህና ነው፤ ውስጡ ማግኔት ስላለ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ያለ ምንም ዝላይ ልል ሆኖ የሚንሸራተት፣ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ወይም ከዘንጉ ተነጥሎ የሚወጣ ከሆነ ግን ፓምፑ አብቅቶለታል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ይጮሃል፣ ውኃ ግን አይገፋም፤ ጩኸቱን የሰማ ሰው ደግሞ «ፓምፑ ይሠራል» ይላል።

ማጣሪያውን ሲመልሱ የጎማ ቀለበቱንና የሚያርፍበትን ቦታ ይጥረጉ፤ አንድ ክር እንኳ ከቀረ ያንጠባጥባል። እስከ መጨረሻው ያጥብቁት፣ በሳሙና መሳቢያው በኩል ሁለት ሊትር ውኃ ያፍሱ፣ ከሥር ወረቀት አድርገው እርጥበት መኖሩን ይዩ።

ቀጥሎ የማፍሰሻው ቱቦ። ማሽኑን ከግድግዳ ትንሽ ሳብ አድርገው ከኋላ መታጠፉን ወይም መጨፍለቁን ይመልከቱ። የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ለሞዴልዎ የተወሰነው ልክ መመሪያው ላይ አለ። ከዚህ በጣም ከፍ ካለ ፓምፑ ይደክማል፤ ወለል ላይ ከተጣለ ደግሞ ማሽኑ ውኃ እየሳበ በዚያው ልክ በራሱ ይፈሳል። ጫፉ ከሲንክ ሥር ካለው ፍሳሽ ጋር ከተገናኘ መጋጠሚያውን ይፍቱ፤ በሳሙና ዝቃጭና በቅባት መጥበብ የሚጀምረው እዚያ ነው። ማሽኑም ፓምፑም ደህና ሆነው የቤቱ ፍሳሽ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ለመለየት የቱቦውን ጫፍ በተለመደው ከፍታው ይዘው ባልዲ ውስጥ ያፍስሱ። ባለ 10 ሊትሩ ባልዲ በአንድ ደቂቃ ገደማ በኃይል ከሞላ የማሽኑ ወገን ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ባልዲው ሲሞላ ማሽኑን ማስቆም የሚችል ሰው አጠገብዎ ይኑር። ጫፉን ወለል ላይ አውርደው አይሞክሩ፤ ውኃው በራሱ ቁልቁል ስለሚወርድ የሞተ ፓምፕ እንኳ ጤነኛ ይመስላል።

ማጣሪያውም ቱቦውም ንጹሕ ሆኖ ውኃው አሁንም ካልወጣ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚወርደው አጭር የሚተጣጠፍ ጎማ ውስጥ የተሰነቀረ ካልሲ፣ ወይም ፓምፑ ራሱ። መልቲሜትር ካለዎት ስፒናው ተነቅሎ የፓምፑን ሁለት ሽቦዎች አውልቀው ኦም ይለኩ። በ220 ቮልት የሚሠራ የተለመደ ፓምፕ ከ100 እስከ 200 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ጥቅልሉ ተበጥሷል። ትክክለኛ ኦም ማሳየቱ ግን ሙሉ ምስክር አይደለም፤ ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲግል የሚነክስ ፓምፕ አለ። ከአጠባው በኋላ እምቢ ብሎ ነቅለው ሲያሳርፉት የሚሠራ ማሽን፣ እንደ እርስዎ ያለው፣ ይህን ጥርጣሬ ያጠናክረዋል። ፓምፕ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ብሎን ወይም በሩብ ዙር የሚወልቅ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ከቦርድ ጋር አይወዳደርም። ሲገዙ የማሽኑን ሙሉ ሞዴል ቁጥር ከበሩ ከንፈር ላይ ወይም ከጀርባው ፎቶ አንስተው ይሂዱ፤ «7 ኪሎ ማሽን» ብሎ የሚገዛ ሰው ቀዳዳው የማይገጥም ፓምፕ ይዞ ይመለሳል።

ውኃው ወጥቶ ሳለ ፓምፑ የማያርፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ማሽኑ ውኃውን አያየውም፤ በአየር ግፊት ነው የሚገምተው። ከገንዳው ሥር ትንሽ የአየር ክፍል አለች። ውኃው ከፍ ሲል በውስጧ ያለው አየር ይታመቃል፣ ግፊቱም በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ላይ ሄዶ ክብ የሆነውን የግፊት መለኪያ ይነካል። የሳሙና ዝቃጭ የአየር ክፍሏን አፍ ከደፈነው ግፊቱ ታስሮ ይቀራል። ውኃው ከወጣ በኋላም ማሽኑ «ገና አለ» ብሎ ያምናል፤ ፓምፑን በደረቁ ያስጮኸዋል፣ መጭመቅም አይጀምርም። ይህን ነው ብዙ ጊዜ «ቦርድ» ብለው የሚቀይሩት፤ አዲሱም ቦርድ ያንኑ የተሳሳተ ወሬ ሰምቶ ያንኑ ያደርጋል።

ለማጽዳት የላይኛውን ክዳን ከኋላ የሚይዙትን ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን ወደ ኋላ ገፍተው ያንሱ። ከጎን ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን መለኪያና ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ ያገኛሉ። ቱቦውን ከመለኪያው ይንቀሉና፣ መለኪያው ላይ ሳይሆን ወደ ገንዳው በሚሄደው ጫፍ በአፍዎ ቀስ ብለው ይንፉ። ያለ ችግር ካለፈና ገንዳው ውስጥ የአየር ድምፅ ከሰሙ ክፍት ነው። ከታገለዎት ለብ ባለ ውኃ ያጠቡት፣ በደንብ ያድርቁት፤ ውኃ በቱቦው ውስጥ ቢቀር አዲስ የተሳሳተ ንባብ ይፈጥራል። መለኪያውን በኮምፕረሰር መንፋት ክልክል ነው፤ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። ቱቦው ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ችግሩ ይገለበጣል፦ ግፊቱ ስለሚያመልጥ ማሽኑ ከልኩ በላይ ውኃ ይሞላል።

ባዶውን በደንብ የሚጨምቅ ማሽን ልብስ ሲገባበት እምቢ ካለ ወደ ጭነቱ እንመለስ። ከሁሉ የሚከፋው ብቻውን የገባ ከባድ ዕቃ ነው፦ አንድ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ፣ አንድ ትልቅ ፎጣ፣ አንድ ጂንስ። በአንድ ጎን ይከመራል፣ የሚያመጣጥነው የለም። ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ልብስ ቢጨመርበት ይሻለዋል። ሌላው የአንሶላ ከረጢት ነው፤ የብርድ ልብስ ልባስ አፉን ከፍቶ ሌሎቹን ልብሶች ይውጣቸውና አንድ ድፍን ኳስ ይሆናሉ። ከማስገባትዎ በፊት አፉን ይቆልፉት። 7 ኪሎ የሚለው ደግሞ ደረቅ የጥጥ ልብስ ነው፤ ከላይ አንድ ጭብጥ የሚያህል ባዶ ቦታ ካልቀረ ተጨናንቋል።

አረፋስ? በእጅ ለማጠብ የተሠራ የዱቄት ሳሙና ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ሆኖ ነው የተቀመመው። ማሽን ውስጥ ይህ ጠላት ነው። አረፋው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ውኃ ሳይሆን አየር ያስገፋዋል፣ ማሽኑም ይህን ሲያውቅ ፍጥነት አይጨምርም። ቆይተው ሲሞክሩት አረፋው ስለሚሰክን ይጨምቃል፤ እርስዎ ከገለጹት ጋር የሚገጥም ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ታጥቦ የነበረውን ልብስ መልሰው ያለ ሳሙና መለቅለቅ ብቻ ይስጡት። መስታወቱ ላይ አረፋ ከወጣ ለረጅም ጊዜ ሳሙና ሲበዛበት ነበር። ለማሽን ተብሎ የተሠራ አረፋ ቀናሽ ሳሙና ይጠቀሙ፣ እስካሁን ከሚያደርጉት በግማሽ ይጀምሩ። የተከማቸውን ዝቃጭ ለማውጣት ባዶውን በ90 ዲግሪ አንድ ጊዜ ያጥቡት። ሆምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር በጭራሽ አንድ ላይ አይጨምሩ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ውኃው ወጥቶ፣ ፓምፑ አርፎ፣ ከበሮው ባዶም ሆኖ ካልተሽከረከረ ብቻ የጀርባውን ሽፋን ይፍቱ። ስፒናውን ከነቀሉ በኋላ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በተለይ ኢንቨርተር በሆኑት፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክስ በሚቆጣጠሩት ላይ፣ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ቺንጋው ከትልቁ መዘውር ላይ ወልቆ፣ ላልቶ ወይም ጥርሱ ተበልቶ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ከዚያ ሞተሩን ይለዩ። ማሽኑ ላይ «ኢንቨርተር» ተብሎ ከተጻፈ ካርቦን የለውም፤ ይህን አንቀጽ ይዝለሉት። የተለመደው ሞተር ከሆነ ግን ከሁለት ጎኑ ሁለት ካርቦኖች በሞላ እየተገፉ የሚሽከረከረውን ክፍል ይነካሉ። እያለቁ ሲሄዱ የሞላው ግፊት ይደክማል፤ በዝግታ ሲዞር ይበቃው የነበረው ንክኪ በከፍተኛ ፍጥነት ይዘላል። ስለዚህ ካርቦኑ ያለቀ ማሽን ለጥቂት ጊዜ እያጠበ መጭመቁን ሊያቆም ይችላል፤ የተቃጠለ ሽታና ብልጭታም ያሳያል። አዲስ ካርቦን ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከደረሰ ይቀየር፣ ሁልጊዜም ሁለቱም አንድ ላይ። አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ ብሎኖቹን ሲፈቱ ከሥር ይደግፉት፣ ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። አዲሶቹ ካርቦኖች እስኪላመዱ በመጀመሪያዎቹ አጠባዎች ትንሽ ብልጭታ ይኖራል፤ ሳይጨምቁ አንድ ሁለት ጊዜ ማጠብ ይረዳል። ካርቦኖቹ የሚነኩት የመዳብ ክፍል የተቃጠለ ወይም ከፍና ዝቅ ያለ ከሆነ ግን አዲስ ካርቦን አያድነውም።

ስለ ኩሽኔታ ባጭሩ፦ ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ከሆነ፣ ከበሮውን ከውስጥ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ከገንዳው ተለይቶ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ከኋላ ቡናማ የዝገት ጅረት ከታየ ኩሽኔታው ነው። እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፉም። ይህን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ አንዳንድ ገንዳዎች ተበይደው የተዘጉ በመሆናቸው ሳይቆረጡ አይከፈቱም።

ለእርስዎ የምለው ይህ ነው። ዛሬ ማጣሪያውንና ፕሮፔለሩን ያጽዱ፣ ቱቦውን ይፈትሹ፣ ሳሙናውን በግማሽ ይቀንሱ። ባዶውን ይሞክሩት፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት። ከተስተካከለ አለቀ። ውኃው አሁንም እየቀረ ከሆነ ፓምፕ ይቀይሩ፤ 6 ዓመት ለሠራ ፓምፕ ይህ አያስገርምም። ውኃ ሳይኖር ፓምፑ የሚጮህ ከሆነ የአየር ቱቦውን። ከዚህ ያለፈው፣ ማለትም ሞተርና ቦርድ፣ መለኪያ መያዝ ለማያውቅ ሰው አይደለም፤ እዚያ ላይ ያቁሙና ባለሙያ ይጥሩ። ማሽኑን ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ወይም የመስመሩ መቁረጫ እየወደቀ ካስቸገረ ግን ከነዚህ አንዱንም አይጀምሩ፤ ነቅለው ይተዉት።

ባለሙያው ሲመጣ «አይጨምቅም» ብቻ አይበሉት። ባዶውን ሲሞክሩት የሆነውን፣ ውኃ መቅረት አለመቅረቱን፣ ፓምፑ ማረፍ አለማረፉን ይንገሩት። የስህተት ኮድ ካሳየም ይጻፉለት፤ ኮዱ ግን ማሽኑ ያጣውን ነገር እንጂ የተበላሸውን ዕቃ እንደማይናገር ያስታውሱ። «ውኃ አልወጣም» የሚል ኮድ በካልሲም ይመጣል፣ በፓምፕም ይመጣል። አሁንም ቦርድ ነው ካለ የፓምፑን ኦም፣ የካርቦኑን ርዝመትና ወደ ፓምፑ የሚደርሰውን ቮልት ለክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ጤነኛ ፓምፕ ላይ በማፍሰሻ ሰዓት ቮልት ካልደረሰና መሐሉ ያለው ሽቦ ያልተበጠሰ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቦርዱ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ያም ቢሆን ሙሉ ቦርድ ከመግዛት በፊት ቦርዱ ላይ ያለውን የተቃጠለ ሪሌ ወይም ትራያክ (ኤሌክትሪኩን የሚያበሩና የሚያጠፉ ትንንሽ ዕቃዎች) ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አሮጌውን ቦርድም እጅዎ ላይ ያስቀሩት።